ቀዳዳው ማዶ፣ ጠብታው ወዲህ፦ ስለ ሬቲና የደም ሥር ዕጢዎች ጅማ ላይ የተደረገ ንግግር

አካም ቡልተን? እንደምን አደራችሁ? አሰላሙ አለይኩም። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ከየጤና ጣቢያው ሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ዝናብና በዚህ ጭቃ መምጣታችሁ ራሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ሥራ አለብኝ። ጠዋት በር ላይ ዓይናቸውን አይቼ ያስፈቀድኳቸው ሁለት ሰዎች አሉ፤ እስቲ ወደ ፊት ኑልኝ። ና ወንድሜ። ነይ እህቴ። ይህች ትንሽ ጠርሙስ የዓይን ብሌን የምታሰፋ ጠብታ ናት፣ ትሮፒካማይድ እንላታለን። ቀና በል፣ ጣራውን እይ። አቃጠለህ አይደል? ትንሽ ታቃጥላለች፣ ወዲያው ይተውሃል። አንቺም ጨፈን አድርጊ። በምን ነበር የመጣኸው? በሞተር? እንግዲያው ሞተሩ ዛሬ እዚህ ይቆማል፣ አንተ በባጃጅ ትመለሳለህ። ለጥቂት ሰዓት የቅርብ ጽሑፍ ይደበዝዝባችኋል፣ ፀሐይም ያስቸግራችኋል። ቁጭ በሉ። ሌሎቻችሁ ሰዓቱን ያዙልኝ፤ 3 ሰዓት ከ10 ነው። ጠብታዋ ሥራዋን እስክትጨርስ እኔ አወራለሁ።

የተጋበዝኩት በሬቲና ላይ ስለሚወጡ፣ ካንሰር ስላልሆኑ የደም ሥር ዕጢዎች እንድናገር ነው። ርእሱን በስልክ የነገርኩት አንድ ወዳጄ ሳቀብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ሕዝቡ በሞራና በትራኮማ እየታወረ፣ አንተ በዓመት አንዴ ስለማታየው በሽታ ልታወራ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። የእኛ ዋና ጠላት ሞራ ነው፣ ትራኮማ ነው፣ ግላኮማ ነው። ታዲያ ለምን መጣሁ? እስቲ ታገሡኝ።

ወረቀቴ ላይ ሦስት ነገር ጽፌያለሁ። አንደኛ፣ ዕጢዎቹ ምንድን ናቸው? ሁለተኛ፣ እንዴት እናገኛቸዋለን? ሦስተኛ፣ ካገኘናቸው በኋላ ምን እናደርጋለን? ከሦስቱም በፊት ግን የቤቴን ጣራ ላውራችሁ።

አንድ ክረምት ቤቴ ያፈስ ነበር። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ላስረዳችሁ አልሞክርም። የሚንጠባጠበው ሳሎኑ መሃል ነው፤ ልክ ረከቦቱ የሚቀመጥበት ቦታ። ባልዲ ደቀንን። ቆርቆሮ የሚሠራ ልጅ ጠራሁ፣ ከሳሎኑ በላይ ያለውን ቆርቆሮ አስቀየርኩ፣ ገንዘቤን ከፈልኩ። ዘነበ። እዚያው ቦታ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ሁለተኛ አንድ ሽማግሌ አናጢ መጡ። ሳሎኑን ዞር ብለውም አላዩት። መሰላላቸውን ይዘው በኩሽናው በኩል፣ ከጣራው ጫፍ ላይ ወጡ። አንዲት የምስማር ቀዳዳ ነበረች። ውሃው እዚያ ገብቶ በማገሩ ላይ ተንሸራቶ ነው ሳሎን ድረስ የሚመጣው። ከላይ ሆነው «ልጄ፣ ቀዳዳው ማዶ ነው፣ ጠብታው ወዲህ» አሉኝ።

ያን ቀን ሳቅኩኝ። የሳቅኩት በእሳቸው አይደለም፣ በራሴ ነው። ምክንያቱም ይህንኑ ስሕተት ከብዙ ዓመት በፊት በሰው ዓይን ላይ ሠርቼዋለሁ።

ገና ጀማሪ ሐኪም ነኝ። አንድ የ19 ዓመት ልጅ ከጎማ ወረዳ በኩል መጣ። የቡና ገበሬ ልጅ ነው። ቀኝ ዓይኑ ጭጋግ ለብሶበታል። ሰሌዳ አስነበብኩት፣ 6/18፤ ደህና ዓይን ከ18 ሜትር የሚያነበውን እሱ ከ6 ሜትር ነው የሚያነበው ማለት ነው። ሰልፉ እስከ በሩ ነው፣ ካርዶቹ ጠረጴዛዬ ላይ ተከምረዋል። ጠብታ ላድርግለት ካልኩ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ሊኖርብኝ ነው። አላደረግሁም። በጠባቡ ብሌን ቀዳዳ መሃሉን ብቻ ገረፍ አድርጌ አየሁት፤ ትንሽ ብጫ ነገር ያየሁ መሰለኝ፣ «ብርሃኑ ነው» አልኩ። ካርዱ ላይ «ሬቲና ደህና» ብዬ ጽፌ መነጽር አዘዝኩለት። የእጄ ጽሑፍ ነው፣ ዛሬም ድረስ ዓይኔ ላይ አለ። ሬቲና ደህና!

ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። መነጽሩን አጣጥፎ በኪሱ ይዞታል። በዚያ ዓይኑ አንድ ሜትር ላይ ጣት መቁጠር ብቻ ነው የሚችለው። ያኔ ከእኔ በላይ የሆኑ ሐኪም ነበሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው። «ጠብታ አደረግህለት?» አሉኝ። ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። ጠብታውን አደረጉ፣ ቡናቸውን ጠጡ፣ ተመለሱ፤ ኢንዳይሬክት የምንለውን የሬቲና ማያ መሣሪያ ጭንቅላታቸው ላይ አስረው ልጁን «ወደ ጆሮህ እይ» አሉት። ከዚያ ቦታቸውን ለቀውልኝ «አሁን አንተ እይ» አሉኝ።

ምን አየሁ? እዚህ ላይ አንደኛው ነጥቤ ይመጣል።

ሬቲና ማለት ከዓይን በስተኋላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች ስስ ሽፋን ናት፤ ብርሃን የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። መሃሏ ላይ ማኩላ የምንላት ትንሽ ቦታ አለች። ፊደል የምናነበው፣ የሰው ፊት የምንለየው፣ መርፌ ውስጥ ክር የምናስገባው በእሷ ነው። የልጁ ማኩላ በብጫ ስብ ተሸፍኖ፣ ሥሩም ውሃ ቋጥሮ ነበር። ሳሎኑ ያ ነው። ከዓይን ወደ አንጎል ከሚሄደው ነርቭ ግን ሁለት ወፋፍራም ደም ሥሮች ተነሥተው፣ ጎን ለጎን እየተጠማዘዙ ወደ ሬቲናው ጫፍ ይሄዳሉ። አንዱ ደም ያመጣል፣ ሌላው ይመልሳል። ተከተልኳቸው፣ ተከተልኳቸው፣ ጫፋቸው ላይ አንዲት ቀይ ብርቱካንማ ኳስ ተንጠልጥላ አገኘኋት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቡና ለቅሞ የማያውቅ አለ? መጠኑን ተዉትና መልኩን፦ በቅርንጫፏ ላይ ያለች የበሰለች ቡና በሉ። የምታፈሰው እሷ ናት። ፈሳሹና ስቡ ግን የሚጠራቀመው ማዶ፣ ማኩላው ላይ ነው።

ስሟ ሬቲናል ሄማንጂዮብላስቶማ ነው። ካንሰር አይደለችም፣ ወደ ሌላ አካል አትሰራጭም። ዓይን ግን ታጠፋለች። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ኦይገን ፎን ሂፕል እ.ኤ.አ. በ1904 ጻፈባት። እ.ኤ.አ. በ1926 ደግሞ አርቪድ ሊንዳው የተባለ ስዊድናዊ ፓቶሎጂስት የዓይኑ ዕጢና የትንሹ አንጎል (ከኋላ ሆኖ ሚዛናችንን የሚጠብቀው የአንጎል ክፍል) ዕጢ ዝምድና እንዳላቸው አሳየ። ስለዚህ ሕመሙ ቮን ሂፕል ሊንዳው ይባላል፤ እኛ አሳጥረን ቪ ኤች ኤል እንለዋለን።

ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሌሎቹን እህትማማቾች ቶሎ ላስተዋውቃችሁ፣ መለየት ስላለባችሁ።

ካቨርነስ ሄማንጂዮማ የምትባል አለች። እሷ አንድ ፍሬ አይደለችም፣ ጥቁር ቀይ የሆኑ ትንንሽ ከረጢቶች ተሰብስበው እንደ ወይን ዘለላ ነው የምትታየው። ወፍራም መጋቢ ደም ሥር የላትም፣ አብዛኛውን ጊዜም አታፈስም። ራሲሞስ የምትባለው ደግሞ እውነቱን ለመናገር ዕጢም አይደለችም። ደም የሚያመጣው አርተሪ መሃል ላይ ያለውን ስስ መረብ ዘሎ ደም ከሚመልሰው ቬን ጋር በቀጥታ ይጋጠማል፤ ደም ሥሮቹ አብጠው እንደ ሐረግ ይጠላለፋሉ። እነዚያ ሐረጎች አንጎል ውስጥም ሊኖሩ ይችላሉ፣ መንጋጋ ውስጥም። መንጋጋ ውስጥ ካሉ ጥርስ ሲነቀል የሚፈሰው ደም ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የጥርስ ሐኪሞች እዚህ አላችሁ? እሺ፣ ይህችን ያዙልኝ። አራተኛዋ ቫዞፕሮሊፈሬቲቭ ዕጢ ናት፤ ስሟ ረጅም ነው፣ ይቅርታ። ብዙ ጊዜ ዕድሜው ከ40 በላይ በሆነ ሰው፣ ከሬቲናው ታችኛ የውጭ ጫፍ ላይ ትወጣለች። ከአራት ታማሚ በሦስቱ ገደማ መነሻዋ አይገኝም፤ በቀሩት ግን ዓይኑ ቀድሞ በውስጥ መቆጣት ወይም በሌላ የሬቲና ሕመም የተጎዳ ነው። ከሬቲናው ሥር፣ ኮሮይድ ከሚባለው ሽፋን የምትወጣ ሌላም አለች። ፊቱ በአንድ ወገን ወይን ጠጅ ቀለም ይዞ የተወለደ ሕፃን ካያችሁ፣ በዚያ ወገን ያለውን ዓይኑን እንዲያሳይ ላኩት፤ ለግላኮማም ስለሚያጋልጠው ሁለት ጊዜ ላኩት።

አንደኛ ነጥቤ ይህ ነው። ሰዓት ስንት ሆነ? ስምንት ደቂቃ? እህቴ፣ እንዴት ነሽ? ስልክሽን እስቲ አንብቢ። ታነባለች! ገና ነን።

ሁለተኛ፣ እንዴት እናገኛቸዋለን?

ጠብታ። አለቀ።

አይ፣ ትንሽ ልጨምር። መሣሪያ ብዙ አለ። ፍሎረሲን አንጂዮግራፊ የምንለው አለ፤ ብጫ ቀለም በክንድ ደም ሥር እንወጋለን፣ ሰከንዶች ሳይቆይ ዓይን ውስጥ ይታያል፣ በካሜራ ተከታታይ ፎቶ እናነሣለን። ለታካሚው «ዛሬ ቆዳህም ሽንትህም ብጫ ይሆናል፣ አትደንግጥ» ማለት አትርሱ። አንዴ ረስቼ አንድ አባት ሌሊት በድንጋጤ ተመልሰው መጥተውብኛል። ሄማንጂዮብላስቶማ ቀለሙን ወዲያው ትጠጣለች፣ ቆይታም ታፈሰዋለች። ካቨርነስ ግን ቀስ ብላ ነው የምትሞላው፤ በየከረጢቱ ውስጥ ቀይ የደም ሴሎቹ ከታች ይዘቅጣሉ፣ ቀለም የያዘው ውሃ ከላይ ይንሳፈፋል። ጀበናው ሲሰክን አተላው ከታች፣ ቡናው ከላይ እንደሚሆነው ማለት ነው። ይህን ሥዕል አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይሳሳትም። ኦ ሲ ቲ የምንለው የብርሃን ምርመራ ደግሞ ማኩላው ሥር የተቋጠረውን ውሃ በስስ የተቆረጠ ያህል በምስል ያሳየናል። አልትራሳውንድ የዕጢውን ውፍረት ይለካል።

ግን ይህ ሁሉ የሚመጣው አንድ ሰው ዕጢውን ካየ በኋላ ነው። ማነው መጀመሪያ የሚያየው? እናንተ ናችሁ። በጠባብ ብሌን የሚታየው የሬቲናው መሃል ነው። ዕጢዎቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጡት ጫፍ ላይ ነው። ብሌኑን ሳይከፍቱ ሬቲና አየሁ ማለት ሳሎን ቁጭ ብሎ ጣራ አየሁ እንደ ማለት ነው።

ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ልጅ ላይ ሲሆን ተጠንቀቁ። ብሌኑ ውስጥ ነጭ ብልጭታ የሚታይበት ሕፃን፣ ወይም ዓይኑ የሸወረረ ሕፃን ሲመጣላችሁ ቀድማችሁ ማሰብ ያለባችሁ ሬቲኖብላስቶማን ነው። እሱ ካንሰር ነው፣ ገዳይ ነው። እሱ አለመሆኑ ሳይረጋገጥ ማንም ያን ዓይን በመርፌ እንዳይነካው። ሕፃን ቀጠሮ አይሰጠውም፣ በዚያው ሳምንት ይላካል። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሩቅ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ይኬዳል።

ወደ ልጁ ልመለስ። ሐኪሙ ዕጢዋን ካሳዩኝ በኋላ ስለ ዓይኑ አንድም ነገር አልጠየቁትም። ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡና «አባትህ የት አሉ?» አሉት።

«ሞቷል።»

«በምን?»

«ራሱን ያመው ነበር። ኋላ ኋላ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገድ ጀመር። መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም።»

«የአባትህ ወንድሞችስ?»

«አንድ አጎት አለኝ። አንድ ዓይና ነው። ቡና ሲለቅም ቅርንጫፍ ወግቶት ነው ይላሉ።»

«አንተ ስንተኛ ነህ?»

«ከላይ ነኝ። አንዲት እህትና አንድ ወንድም አሉኝ።»

ሐኪሙ ካርዱን ገለበጡት፣ እኔ «ሬቲና ደህና» ብዬ የጻፍኩበትን ካርድ፤ ጀርባው ላይ ለወንዱ አራት ማዕዘን፣ ለሴቷ ክብ እያደረጉ ቤተሰቡን ሣሉ። አባቱን አጠቆሩት። አጎቱን ግማሹን አጠቆሩት። ልጁን አጠቆሩት። ከዚያ በእስክሪብቶው ጫፍ ሁለቱን ባዶዎች ነካ ነካ አድርገው «እነዚህን አምጣልኝ» አሉት።

እስቲ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፣ የምወደው ክፍል ስለሆነ።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል አይደል? መብራት ሲመጣ ደግሞ አንድ ሰው ሄዶ ያጠፋዋል። በሰውነታችን ሴል ውስጥም እንዲሁ ነው። አየር፣ ማለት ኦክስጅን ሲያንስ ሂፍ የሚባል ፕሮቲን ይነሣና «ደም ሥር ሥሩ! ደም ጨምሩ!» ብሎ ያዛል። ኦክስጅን ሲመለስ ይህን ጄኔሬተር የሚያጠፋ ዘበኛ አለ። ዘበኛው በሦስተኛው ክሮሞዞም ላይ ካለው ቪ ኤች ኤል ከሚባለው ጂን የሚሠራ ፕሮቲን ነው። ጂኑ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። አሁን ዘበኛው የለም እንበል። መብራቱ አለ፣ ጄኔሬተሩ ግን ቀንና ሌሊት ይጮኻል፣ ነዳጅ ይበላል። ኦክስጅን ሞልቶ ሳለ ሴሉ የታፈነ ይመስለዋል፣ ደም ሥር በደም ሥር ላይ ይሠራል። ያቺ ቀይ ፍሬ እንዲህ ነው የምትወጣው። ሴሎች ኦክስጅንን እንዴት እንደሚያውቁ የደረሱበት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴሜንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል፤ ኬሊን ወደዚህ የገባው ይህንኑ የቪ ኤች ኤልን ሕመም ሲያጠና ነው። «ብርቅ በሽታ ምን ያደርግልናል?» ላለኝ ወዳጄ ይህችን ነግሬዋለሁ።

እያንዳንዱ ሴል ሁለት ዘበኛ አለው፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። በዚህ ሕመም የተወለደ ሰው በሁሉም ሴሉ ውስጥ አንዱ ዘበኛ ሲወለድ ጀምሮ ቦዝኗል። ሁለተኛው እስካለ ችግር የለም። ግን በሕይወት ዘመን አንድ ቦታ፣ በአንዲት ሴል ውስጥ፣ ሁለተኛውም ይጠፋል። እዚያ ዕጢ ይበቅላል። በሌላ ጊዜ ሌላ ቦታ ይጠፋል፣ እዚያም ይበቅላል። ለዚህ ነው በሁለቱም ዓይን፣ በትንሹ አንጎል፣ በአከርካሪ፣ በኩላሊት፣ በቆሽት፣ ከኩላሊት በላይ ባለችው በአድሬናል ዕጢ ላይ የሚወጣው። የዓይኑ ካንሰር አይደለም ብያለሁ። የኩላሊቱ ግን ካንሰር ሊሆን ይችላል። ሰሚ ጆሮ ይስጠኝ፦ የዓይኑ ዕጢ ገዳይ አይደለም፣ የሚነግረን ነገር ግን ሕይወት ነው። ከሌላው አካል ቀድሞ የሚታየው ብዙ ጊዜ የዓይኑ ነው፣ በአማካይም በ25 ዓመት ዕድሜ አካባቢ።

ለልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው፣ ወንድ ሴት አይለይም። ከአምስት ታማሚ በአንዱ ገደማ ደግሞ ወላጆቹ ጤነኞች ናቸው፣ ለውጡ የተጀመረው ከእሱ ነው። ስለዚህ «ቤተሰቡ ውስጥ የለም» ብላችሁ አትዝጉት። በውጭ አገር የተሰላው ከ36,000 ልደት 1 ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ይህን ሒሳብ ብንወስደው ከ2,700 ሰው ይበልጣል። የት ናቸው? እኔ በዓመት አንዴ የማገኛቸው ስለሌሉ ነው? ወይስ እንደዚያ ልጅ አጎት «ቅርንጫፍ ወጋው» ተብለው፣ እንደ አባቱ «ልክፍት ነው» ተብለው ስለቀሩ?

እናትየው ሁለቱን ልጆች ይዘው መጡ። የቡና ሽያጭ ጊዜ ነበር፣ ሥራ ጥለው ነው። ተቆጥተዋል። «ዶክተር ልጄ፣ የታመመው አንዱ ነው። ምንም ያላመማቸውን ለምን ታስጨንቁብኛላችሁ?» አሉ። ምን ትመልሳላችሁ? እኔ መልስ አጥቼ ጠብታውን አደረግሁ። ወንድምየው ንጹሕ። እህትየው 13 ዓመቷ ነው፣ በሁለቱም ዓይኗ 6/6 ታነባለች፣ ምንም አይሰማትም። በግራ ዓይኗ ወደ ላይ ስታይ፣ ጫፉ ላይ የስፒል ራስ የምታህል ቀይ ነጥብ አለች። ደም ሥሮቹ ገና አልወፈሩም።

እሷን ያገኘናት ገና ሌዘር በሚበቃበት ጊዜ ነው። ሦስተኛው ነጥቤ እዚህ ነው፤ ወንድሜ፣ ሰዓት? 3 ከ26? ጥሩ።

ትንሽ ስትሆን፣ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ወይም ከዚያ በታች፣ ሌዘር ድንቅ ነው። ጨረሩን ቀስ ብለን ዕጢዋ ላይ እናሳርፋለን፣ ትነጣለች፣ ትጨማደዳለች። አንድ ጊዜ ላይበቃ ይችላል። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ነው የተደረገላት። ከሦስት ሚሊሜትር በላይ ስትሆንና ጫፍ ላይ ስትሆን በቅዝቃዜ እናክማለን፣ ክራዮ ይባላል፤ ከዓይን ውጭ በኩል ዕጢዋን እናቀዘቅዛለን፣ እንድትቀልጥ እንተዋለን፣ ደግመን እናቀዘቅዛለን። ከዚያ ለሚበልጠው ዓይን ግድግዳ ላይ የሚሰፋ የጨረር ሰሌዳ አለ፣ ሬቲናው ሲላቀቅ ደግሞ ቀዶ ጥገና። ዓይን ውስጥ የሚወጉት መርፌዎች ውሃውን ለጊዜው ሊቀንሱ ይችላሉ፣ ዕጢዋን ግን እምብዛም አያሳንሷትም።

አንድ ነገር ለታካሚው ቀድማችሁ ንገሩት፦ ትልቅ ዕጢ ሲታከም መጀመሪያ ሊብስበት ይችላል። የተጎዳችው ፍሬ ለቀናት ከቀድሞው የበለጠ ታፈሳለች። ሳይነገረው ቤቱ ከሄደ «ሐኪም አሳወረኝ» ብሎ ይቀራል፤ ተመልሶ አይመጣም።

ዕጢዋ ነርቩ ላይ ከተቀመጠችስ? እዚያ ሌዘር መተኮስ ነርቩን መተኮስ ነው። ካላፈሰች እንጠብቃለን። ካቨርነስንም እንጠብቃለን። ራሲሞስንም አንነካም፣ ግን አንጎልን በኤም አር አይ እናያለን። መጠበቅ ደግሞ ለእኛ አገር ታካሚ ማስረዳት እንዴት እንደሚከብድ! አንዲት እናት ለስኳር ምርመራ መጥተው ካቨርነስ አገኘሁባቸው። «ምንም አናደርግም፣ በየዓመቱ እናያታለን» አልኳቸው። አየት አደረጉኝና «ከዚያ ድረስ መጥቼ መርፌ እንኳ ሳትወጋኝ?» አሉኝ። ሠላሳ ደቂቃ አስረዳኋቸው። በዓመቱ መጡ፣ ያቺም እንዳለች ናት። ምርቃታቸውን ተቀብያለሁ፣ እንደማያምኑኝ ግን አውቃለሁ።

መድኃኒትም መጥቷል። ቤልዙቲፋን ይባላል፣ የሚዋጥ ነው። ጄኔሬተሩን ራሱን ነው የሚያጠፋው። የአሜሪካው የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2021 ለቪ ኤች ኤል ታማሚዎች ለኩላሊት፣ ለአንጎልና ለቆሽት ዕጢዎች ፈቅዶታል። ዓይን ላይ ያሉትም ሲያንሱ ታይቷል። ደም ማነስ ያመጣል፣ ለፅንስም አደገኛ ነው። ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ተስፋ ነው፣ ግን ዛሬ እጄ ላይ ያለው ጠብታና ሌዘር ነው።

አንድ የቀረኝ አለ፣ ሊያመልጠኝ ነበር። ቪ ኤች ኤል የጠረጠራችሁትን ሰው ወደ ቀዶ ጥገና ከመላካችሁ በፊት የደም ግፊቱን ለኩ። አድሬናል ላይ ያለው ዕጢ ተደብቆ ማደንዘዣ ላይ ግፊቱን ወደ ሰማይ ሊሰቅለው ይችላል። «ላብ ያጠምቅሃል? ልብህ ድንገት ይመታል?» ብላችሁ ጠይቁት። የግፊት መለኪያ የሌለው ጤና ጣቢያ አለ? ቪ ኤች ኤል መሆኑን በምን እናውቃለን? ቤተሰቡ ውስጥ ሕመሙ የሚታወቅ ከሆነ አንድ ዕጢ ይበቃል፣ ሰውየው ታማሚ ነው። የሚታወቅ ካልሆነ ሁለት ዕጢ እንፈልጋለን። የታማሚዎቹ ልጆች ዓይናቸው ከሕፃንነት ጀምሮ በየዓመቱ ይታያል፤ አንጎልና ሆድ በኤም አር አይ የሚታይበት ዕድሜ ኋላ ይመጣል።

ልጁ እንዴት ሆነ ትሉኛላችሁ። ክራዮ ተደረገለት፣ ፍሬዋ ሞተች፣ ዓይኑ ቦታው ላይ ቀረ። ማኩላው ግን ጠባሳ ሆኗል። በዚያ ዓይኑ ዛሬ የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ነው የሚያየው። ትንሹ አንጎሉ ላይ አንዲት ዕጢ ተገኝታ ክትትል ላይ ነው፤ አይንገዳገድም፣ ቡናውን ይለቅማል፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ ልጆቹን በየዓመቱ ያመጣልኛል። ያኔ የሰጠሁትን መነጽር አንድ ቀን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ሳይስቅ፣ ሳይቆጣ፣ «ይህ ለሌላ ሰው ይሁን ዶክተር» አለኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ማንም አላደረገውም።

እህቱ አስተማሪ ናት። 6/6።

እሺ። ስንት ሰዓት ነው? 3 ከ38። ሃያ ስምንት ደቂቃ። «ሰልፉ እስከ በሩ ነው» ብዬ ለዚያ ልጅ የከለከልኩት ጊዜ ይህ ነው። እናንተ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ወሬ ሰማችሁበት። ጠብታ አድርጋችሁ የሚቀጥለውን ታካሚ ጥሩ፤ የመጀመሪያው ውጭ አግዳሚው ላይ ይቆይ፣ ከሦስተኛው በኋላ ይመለስ። ሰልፉ አይቆምም።

እህቴ፣ ስልክሽን አሁን አንብቢ። አልቻለችም! ወንድሜ፣ ወደ እኔ እይ፤ ብሌንህ እንደ ድመት ዓይን ተከፍታለች። ና፣ እዚህ ተጋደም። መብራቱን አጥፉልኝ። ከሁለተኛው ረድፍ አንተ፣ አዎ አንተ፣ ከጤና ጣቢያ የመጣኸው፣ ቅረብ። ይህን ጭንቅላትህ ላይ እሰረው። ሌንሱን በሁለት ጣትህ ያዝ፣ ትንሿ ጣትህ ግንባሩ ላይ ትደገፍ። ምስሉ የተገለበጠ ነው፣ አትደንግጥ። ነርቩን አገኘኸው? ከነርቩ ተነሥተህ አንዱን ደም ሥር ያዝና ተከተለው። አትቸኩል። ወንድሜ፣ ወደ ቀኝ ጆሮህ እይ፣ አሁን ወደ ላይ፣ አሁን ወደ ግራ። ቀጥል፣ ገና ነው፣ አሁንም ገና ነው። ጫፉ ላይ ደረስክ? ንጹሕ ነው? እሺ፣ ካርዱ ላይ ጻፍ፤ ጠብታ እንደተደረገም ጻፍ። ቀጥሎ ማን ነው?